ተጨማሪ መረጃ፦ ስለ ጊታር መምቻ

ሙዚቀኞች ፒክ የሚሉት የጊታር መምቻ፣ መጠኑ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ ቢሆንም፣ የድምፅን ጠባይ በመለወጥ ረገድ ኃይሉ ከቁመናው ጋር የሚመዛዘን አይደለም። ስስ የሆነው፣ ይኸውም ውፍረቱ 0.5 ሚሊሜትር ያህል የሆነው፣ በአውታሩ ላይ እየተለመጠ ያልፋልና ስድስቱን አውታሮች ባንድነት ለመግረፍና ዘፋኝን ለማጀብ ይስማማል፤ ከ1 ሚሊሜትር በላይ የሆነው ግን በቀላሉ ስለማይለመጥ፣ ዜማን አንድ በአንድ ለሚነጥል እጅና ለባስ ጊታር ወፍራም አውታር የተመረጠ ነው። ባስ በጣት እንጂ በፒክ መመታቱ ነውር ነው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን አሜሪካዊቱ ካሮል ኬይ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች ባስን በፒክ እየመታች እጅግ ብዙ ሸክላ ስላስቀረጸች፣ ክርክሩ በእኔ አስተያየት ያኔውኑ ተፈጽሟል። የእኛም በገና ቢሆን ከጣት ሌላ ከቀንድ ወይም ከእንጨት በተጠረበ መምቻ ይመታል። ለጊታር መምቻ መሥሪያነት ቀድሞ ይወደድ የነበረው የባሕር ኤሊ ቅርፊት፣ ንግዱ በዓለም አቀፍ ውል ከታገደ ወዲህ፣ ስፍራውን ለሴሉሎይድና ለናይሎን ለቋል። እንግሊዛዊው ጊታር ተጫዋች ብሪያን ሜይ ግን ይህን ሁሉ ትቶ በአሮጌ የ6 ፔኒ ሳንቲም ይመታል፤ ጥርሳም ጠርዙ አውታሩን ሲፍቅ ድምፁ ሻከር ይላልና።