ያልተሟላ ደረሰኝ ዋጋው ስንት ነው?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ የሚጓዝ ሰው የፎገራን ሜዳ ሲያቋርጥ ወረታን ያገኛል። ከዚያው ከወረታ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ያወጣል። ከተማዪቱ በመንገድ መገናኛ ላይ በመቀመጧ ገበያዋ ሰፊ ነው። ይልቁንም በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የሩዝ አዝመራ በሚሰበሰብበት ወራት፣ ከርብና ከጉማራ ወንዞች ዳርቻ የሚመጣው ያልተፈለፈለ ሩዝ በጋሪም በመኪናም እየተጫነ ወደ መፈልፈያ ቤቶች ይጎርፋል፤ ተፈልፍሎም ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደርና ወደ አዲስ አበባ ይሸኛል።

ሩዝ በፎገራ የቆየ እህል አይደለም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች ድጋፍ በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት ተሞክሮ ቀስ በቀስ የተስፋፋ ነው፤ በሰፊው የሚታወቀው «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያም ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጅግና ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ የሚተኛበት ሜዳ እንዲህ ለብዙ ሰው እንጀራ ሆነ። የአገሪቱ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የተቋቋመውም በዚሁ በፎገራ ነው።

የዛሬው ጉዳያችን ግን ከሩዙ ጋር አብራ ስለምትጓዘው ወረቀት፣ ማለት ስለ ደረሰኝ ነው። ሁለት ነጋዴዎች ከአንድ መፈልፈያ የወጣ አንድ ዓይነት ሩዝ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዋጋ ለአንድ መሥሪያ ቤት ቢሸጡ፣ በእጃቸው የሚገባው ገንዘብ እኩል መሆን ያለበት ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የአንደኛው ወረቀት የተሟላ፣ የሁለተኛው ጎደሎ ከሆነ፣ ሁለተኛው ብዙ ገንዘብ ጥሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማየት አስቀድመን ወደ ውጭ አገር ብቅ ብለን እንመለስ።

በአሜሪካ ኩባንያዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው በሚሰጡት የንግድ ካርድም ዕቃ ይገዛሉ። የፌዴራሉ መንግሥት ራሱ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰፊ የግዥ ካርድ አገልግሎት ዘርግቷል። ገዢው በካርድ በከፈለ ቁጥር ከሻጩ ገንዘብ ላይ ጥቂት ይቆረጣል፤ ከዚህም ከሚቆረጠው ዋናው ክፍል የሻጩ ባንክ ለካርዱ ባለቤት ባንክ የሚከፍለው ድርሻ ነው። ይህ ተቀናሽ ግን ለሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሻጩ ስለ ሽያጩ በላከው መረጃ መጠን በሦስት ደረጃ ሲከፈል ኖሯል። በመጀመሪያው ደረጃ የሚላከው ቀኑና የገንዘቡ ልክ ብቻ ነው። በሁለተኛው የታክሱ መጠንና የገዢው የትእዛዝ ቁጥር ይጨመራል። በሦስተኛው ደግሞ የእያንዳንዱ ዕቃ ስም፣ መለያ ቁጥር፣ ብዛት፣ መስፈሪያ፣ የነጠላ ዋጋ፣ ቅናሽና የማጓጓዣ ሒሳብ ሳይቀር በዝርዝር ይገባል። ዝርዝሩን አሟልቶ የላከ ሻጭ የሚቆረጥበት ይቀንሳል፤ ልዩነቱም ከመቶ አንድ ያህል ሊደርስ ይችላል። ይህ ትንሽ መስሎ ለሚታየው ሰው፣ በ100,000 ዶላር ሽያጭ ላይ 1,000 ዶላር መሆኑን እናስታውሰዋለን።

ስለምን ይቀንሱለታል? ብለን ብንጠይቅ መልሱ ቀላል ነው። ገንዘቡን የሚከፍለው ድርጅት ሠራተኛው በካርዱ ምን እንደገዛበት ማወቅ ይፈልጋል። ዝርዝሩ ሲደርሰው ሒሳቡን ለመመርመር ድካሙ ይቀልለታል፤ ማጭበርበርም ቶሎ ይታያል፤ ክርክርም ያንሳል። ስለዚህ መረጃው ለገዢውም ለባንኩም ጥቅም ስላለው ከጥቅሙ ጥቂቱ ለሻጩ ይመለስለታል።

ነገር ግን ቅናሹን ለማግኘት ሲሉ ብቻ ባዶውን ቦታ በማይረባ ቃል የሚሞሉ ሻጮች አልጠፉም። በዕቃው ስም ቦታ «ልዩ ልዩ»፣ በብዛቱ ቦታ «1» ብለው ይልካሉ። ቅጹ ሞላ እንጂ አንዳች ነገር አልተነገረበትም። በዚህም ምክንያት ቪዛ የተባለው የካርድ ድርጅት በ2025 እ.ኤ.አ. አዲስ ሥርዓት አውጥቶ የሚላከው መረጃ እውነተኛ መሆኑን መመርመር ጀምሯል። ከዚህ የምንማረው፣ ተፈላጊው ቅጹ መሞላቱ ሳይሆን በቅጹ ላይ እውነት መስፈሩ መሆኑን ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በወረታ ገበያ የንግድ ካርድ ገና የተለመደ አይደለም፤ ገንዘቡ የሚያልፈው በእጅ፣ በባንክና በስልክ ነው። ሆኖም «የተሟላ መረጃ ያቀረበ ያነሰ ይቆረጥበታል» የሚለው ደንብ በእኛም ሕግ ውስጥ አለ፤ ልዩነቱም ከአሜሪካው እጅግ የሰፋ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች በአንድ ግዥ ከ10,000 ብር በላይ የሆነ ዕቃ ወይም ከ3,000 ብር በላይ የሆነ አገልግሎት ሲገዙ፣ ከክፍያው ላይ ከመቶ 2 ቀንሰው ለግብር ሰብሳቢው እንዲያስገቡ አዘዘ። ነጋዴው ሁሉ «ዊዝሆልዲንግ» የሚለው ይኸው ነው። ሻጩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ካላቀረበ ግን የሚቀነሰው ከመቶ 30 እንዲሆን ሕጉ ደነገገ። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395 ስለተሻሻለ፣ ዛሬ የሚሠራበትን ልክ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቆ መረዳት ይገባል። እኛ የምንመለከተው ሕጉ የተመሠረተበትን ሐሳብ ነው።

ለቁጠራ እንዲመች በ2008ቱ አዋጅ ልክ እናስላው። አንድ የመፈልፈያ ቤት ባለቤት 10 ኩንታል ሩዝ፣ ኩንታሉን በ10,000 ብር፣ ለአንድ ሆስፒታል ሸጠ እንበል። ጠቅላላው 100,000 ብር ነው። መለያ ቁጥሩ ከቀረበ 2,000 ብር ይቀነስና 98,000 ብር ይቀበላል። ካልቀረበ 30,000 ብር ተቀንሶ 70,000 ብር ይዞ ይሄዳል። በጥቂት አኃዞች መጉደል ምክንያት የ28,000 ብር ልዩነት መጣ ማለት ነው። ያ ገንዘብ ለሚቀጥለው ሳምንት ያልተፈለፈለ ሩዝ መግዣ ሊሆን ይችል ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ይህ ተቀናሽ በግብር ላይ የተጨመረ ሌላ ግብር አይደለም፤ አስቀድሞ የተከፈለ ግብር ነው። ነጋዴው ዓመቱ ሲዘጋ ገንዘቡ የተቀነሰበትን ደረሰኝ አቅርቦ ከሚፈለግበት ግብር ላይ ያቻችለዋል። ደረሰኙን የጣለ ግን ማስረጃ የለውም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ የከፈለውን ሁለተኛ ሊከፍል ነው። መለያ ቁጥር ያላቀረበውማ ችግሩ የባሰ ነው፤ ቁጥር የሌለው ገንዘብ በማን ሒሳብ ላይ ይመዝገብለት? «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች ብሂል ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል።

ይሁን እንጂ የነጋዴውን ወገን ሳንሰማ ብንፈርድ ዳኝነታችን ጎደሎ ይሆናል። «ልጄ፣ ሁሉን ብጽፍ በጻፍኩት ልክ ይጭኑብኛል፤ ባልጽፍ ደግሞ በግምት ይጭኑብኛል። ከሁለቱ የትኛው ይሻለኛል?» የሚል ነጋዴ በየገበያው አይታጣም። ይህ ሥጋት ከባዶ የመጣ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ክረምት፣ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያልነበረባቸው የደረጃ «ሐ» ነጋዴዎች የቀን ገቢ በገማቾች ሲተመን፣ ግምቱ ከአቅማችን በላይ ነው ያሉ ብዙ ነጋዴዎች በአዲስ አበባ አቤቱታ ይዘው ተሰልፈዋል፤ በኦሮሚያ አንዳንድ ከተሞችም ሱቆች ተዘግተው ነበር። ገማቹ ያየው የሱቁን ስፋትና የመንገዱን ዳር ነበር፤ ነጋዴውም «አይደለም፣ ገቢዬ ይህን ያህል ነው» ለማለት የሚያሳየው ወረቀት አልነበረውም። ወረቀት በሌለበት ቦታ ሁለቱም ወገኖች በግምት ይከራከራሉ፤ በግምት ክርክር ደግሞ የሚረታው ብዙውን ጊዜ ማኅተሙን የያዘው ነው።

ከዚህም በላይ መዝገብ የሚያሳየው ሽያጭን ብቻ አይደለም፤ ወጪንም ያሳያል። ከላይ ያነሳነው የመፈልፈያ ቤት ባለቤት ያንን ሩዝ ለማግኘት ለገበሬዎች 80,000 ብር፣ ለመብራት፣ ለከረጢትና ለጭነት 10,000 ብር አውጥቶ ቢሆን፣ ትርፉ 10,000 ብር ነው። ነገር ግን ከገበሬው የገዛበትን ወረቀት ካልያዘ፣ 80,000 ብር ማውጣቱን የሚያምንለት ማን ነው? ሕጉ በማስረጃ ያልተደገፈን ወጪ አይቀንስለትም። ገበሬው ደረሰኝ የለውም ቢባል፣ ገዢው ራሱ የሻጩን ስም፣ ቀበሌውን፣ ሚዛኑን፣ ዋጋውንና ቀኑን ጽፎ ማስፈረም ይችላል።

እንዲህ ያለው መዝገብ ለባለቤቱ ለራሱም መካሪ ነው። ያልተፈለፈለ ሩዝ ሲፈለፈል በግምት ሁለት ሦስተኛው ነጭ ሩዝ ሆኖ ይወጣል። የገባውንና የወጣውን በሚዛን የሚጽፍ ሰው፣ የሚወጣው ከተለመደው ሲያንስ መፈልፈያው ሩዙን እየሰባበረው መሆኑን፣ ወይም የገዛው ሩዝ እርጥብ እንደነበር፣ ወይም ከረጢት እንደጎደለ ወዲያው ይጠረጥራል። የማይጽፈው ግን ዓመት ሙሉ ሲከስር ኖሮ «ዘንድሮ ገበያው ጥሩ አልነበረም» ብሎ ያልፋል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሌላ በር ተከፍቷል። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «ቴሌብር መላ» የተባለውን አነስተኛ ብድር አቀረበ። ለዚህ ብድር ቤትና መሬት በመያዣነት አይጠየቅም፤ የሚታየው ደንበኛው ያደረገው የገንዘብ እንቅስቃሴ ነው። ዕለት ዕለት የተመዘገበው ልውውጥ ራሱ ዋስ ሆነ ማለት ነው። ገንዘቡን ሁሉ በእጅ ብቻ የሚቀባበል ነጋዴ ግን፣ ምንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ ታማኝነቱን የሚመሰክርለት መዝገብ የለውም።

እንግዲህ ወረታ ላይ የሚቆረጥ ጥሩ ደረሰኝ ምን ይመስላል? «ሩዝ፣ 100,000 ብር» ብሎ የሚያበቃ አይደለም። የሻጩንና የገዢውን ስምና መለያ ቁጥር፣ ቀኑን፣ ተከታታይ ቁጥሩን ይይዛል። ቀጥሎም «ኤክስ ጅግና፣ የተፈለፈለ፣ 50 ኪሎ በሚይዝ ከረጢት፣ 20 ከረጢት፣ የአንዱ ዋጋ 5,000 ብር፣ ድምር 100,000 ብር» ብሎ ይዘረዝራል። እንዲህ የተጻፈውን ግምጃ ቤት ጠባቂው ቆጥሮ ይረከበዋል፤ ሒሳብ ሹሙ ሳይጠራጠር ይከፍለዋል፤ መርማሪውም ከዓመታት በኋላ ሊያነበው ይችላል። ይህን ለመጻፍ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

የዛሬ ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች የምትሆኑ አንባቢዎቻችን፣ ነገ ከዚህ ወረቀት ወዲያና ወዲህ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ። አንዳችሁ በግዥ ክፍል፣ አንዳችሁ በገቢዎች ጽሕፈት ቤት፣ አንዳችሁም በአባታችሁ መፈልፈያ ቤት ደረሰኝ ቆራጭ ትሆናላችሁ። በግዥ ክፍል የምትቀመጡት፣ ጎደሎ ወረቀት ይዞ የመጣውን ነጋዴ ገንዘቡን ከመቁረጣችሁ በፊት «ጋሼ፣ ይኸኛው ቁጥር ጎድሎዎታል፤ አሟልተው ይምጡ» ብትሉት የ28,000 ብር ውለታ ዋላችሁለት ማለት ነው። በገቢዎች የምትሠሩትም፣ እውነቱን ጽፎ ያመጣውን ሰው መዝገብ ገፍታችሁ በግምት ብትተምኑበት፣ በሚቀጥለው ዓመት እርሱም ጎረቤቱም መዝገብ አይይዙም። ነጋዴ እውነቱን የሚጽፈው በመጻፉ ሲጠቀም ካየ ብቻ ነው። የአሜሪካ ባንኮች ቅናሽ የሚሰጡት ለነጋዴው አዝነው አይደለም፤ መረጃ በዋጋ እንጂ በቁጣ እንደማይገኝ ስላወቁ ነው።

የፎገራ ገበሬ ሩዙን ለገበያ ከማቅረቡ በፊት ያደርቀዋል፣ ያበራየዋል፣ ገለባውን ከፍሬው ይለያል። ይህን ሁሉ ድካም አልፎ ገበያ የደረሰ ፍሬ በመጨረሻ በአንዲት ያልተሟላች ወረቀት ዋጋው ሲወድቅ ማየት ያሳዝናል። ስለዚህ ሚዛኑ ላይ እንደምንጠነቀቅ ሁሉ ብዕሩም ላይ እንጠንቀቅ እንላለን።