የርስት ሥርዐት በደብረ ኤልያስና በአካባቢው

ደብረ ኤልያስ ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ የምትገኝ፣ በቅኔ ትምህርት የታወቀች የጎጃም አገር ናት። በዚህች አገርና በዙሪያዋ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ መሬት በአብዛኛው ይያዝ የነበረው በርስት ነው።

ርስት ወሰኑ የታወቀ ማሳ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ የሚያዝበት መብት አይደለም። አገሩን አስቀድሞ ካቀናው ዋና አባት የሚወለድ ሁሉ፣ በአባቱም ሆነ በእናቱ ወገን ዘሩን ቆጥሮ፣ ከዚያ አባት መሬት ድርሻውን የሚጠይቅበት መብት ነው። መሬቱ በመጀመሪያ በዋናው አባት ልጆች ቍጥር ይከፈላል፤ ከዚያም በታች በየሐረጉ ይደለደላል። ሴት ልጅም ርስት አላት፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ በስሟ የሚሟገተው ባሏ ወይም ልጇ ነበር። የወገኑን ክርክር የሚይዘው ሰው ፈጅ ይባላል። ዘመን ቢረዝምም ክርክሩ አይዘጋም፤ ስለዚህ «ርስት በሺሕ ዓመቱ ለባለቤቱ» ተባለ።

ጉልት ግን ከርስት ልዩ ነው። ባለጉልቱ መኰንን ወይም ደብር የሚቀበለው ግብሩን ነው እንጂ መሬቱ የባለርስቱ ነው።

ከዚህ የተነሣ የጎጃም ገበሬ የመሬትን መለካት አጥብቆ ፈራ። በደቡብ አገር ቃላድ ከተጣለ በኋላ ብዙ ባላገር ጭሰኛ መሆኑን ሰምቷል። ማሳው በአንድ ሰው ስም ከተጻፈም የሌሎቹ ተወላጆች ጥያቄ ይቀራል። በእንግሊዝ አገርም በ18ኛውና በ19ኛው ምዕተ ዓመት የወል መሬት በሕግ እየተለካና እየታጠረ ለየባለመሬቱ ሲከፈል፣ በልማድ ብቻ ከብት ያሰማሩ የነበሩ ብዙ ድሆች የሚያሳዩት ጽሑፍ ስላልነበራቸው መብታቸውን አጥተዋል።

ስለዚህ የ1934 ዓ.ም. የመሬት ግብር አዋጅ በጎጃም ተቃውሞ ገጠመው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣም ገበሬው መሣሪያ አነሣ፤ መንግሥትም በመጨረሻ ገዥውን አንሥቶ ውዝፉን ግብር ማረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ንብረት አደረገ። ለአንድ ቤተ ሰብ የሚፈቀደውን ከ10 ሄክታር፣ ማለት ከሩብ ጋሻ፣ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ በርስት አገር ያለው ገበሬም በጊዜው ያርሰው በነበረው መሬት እንዲጸና አዘዘ። በዘር ቈጠራ መሬት መጠየቅ በዚያ አበቃ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬቱ እንደ ገና ተደለደለ፤ ከዚያ በኋላ ለባለይዞታዎች ደብተር ሲሰጥ የሚስትም ስም ከባሏ ጋር ተጻፈ።

በዚህ ለውጥ ሴቲቱ በገዛ ስሟ መብት አገኘች፤ የድንበር ሙግትም ማስረጃ አገኘ። ከድልድሉ በኋላ ያደገው ወጣት ግን ከወላጆቹ በስጦታ ወይም በውርስ ካላገኘ፣ የሰው መሬት በእኩል ወይም በኪራይ ለማረስ ይገደዳል። አያቱ ድርሻው ቢያንስ እንኳ ስሙን ጠርቶ የሚጠይቅበት አባት ነበረው፤ ለልጅ ልጁ ግን የአባቶቹን ስም ማወቁ መሬት አያስገኝለትም።