የጀማ ገደል ድንጋይ ስንት ዓመቱ ነው?

ከሙከጡሪ ወደ መርሐቤቴ የሚሄደው መንገድ ወደ ጀማ ወንዝ ሲወርድ የደጋው ሆድ ዕቃ ይገለጣል። ከላይ መንዝንና ግሼንም የሸፈነው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልቱ፣ አለ። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ቅላት የሚበዛው የጭቃ ድንጋይ፣ ከዚያም ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ኖራ ድንጋዩ የባሕር ወለል ነበረ፤ ለዚህ በውስጡ ያለው የዛጎል ስብርባሪ በቂ ማስረጃ ነው። ነገር ግን ባሕር መኖሩን ማወቅ አንድ ነገር፣ መቼ እንደነበረ ማወቅ ሌላ ነገር ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ ከትልልቆቹ ዛጎሎች ይልቅ ጤፍ የሚያህሉትን፣ ከጤፍም የሚያንሱትን የባሕር ፍጥረታት ቅሪት ማመን ይሻላል ባይ ነኝ።

እነዚህ ፍጥረታት ፎራሚኒፌራ ይባላሉ። ፈረንሳዊው ዶርቢኚ እ.ኤ.አ. በ1826 ይህን ስም ሲሰጣቸው የኦክቶፐስ ዘመዶች መስለውት ነበር፤ ባለ አንድ ሕዋስ መሆናቸውን በ1835 ያሳየው የአገሩ ልጅ ዱጃርዳን ነው። ሕዋሷ አንድ ብትሆንም ቤት ትሠራለች፤ ክፍል በክፍል እየጨመረች፣ ብዙዎቹ ዝርያዎች ከኖራ፣ ሌሎቹ ደግሞ የአሸዋ ቅንጣት እያጣበቁ። የቤቱ አሠራር ከዘመን ዘመን ይለወጣል፤ አንዱ ዝርያ ይጠፋል፣ ሌላው ይተካል። ትልቅ ዛጎል ሳይሰበር መገኘቱ ዕድል ነው። እነዚህ ግን ብዛታቸው ያለ ልክ ስለሆነ የጣት ጫፍ የምታህል ቁራጭ ድንጋይ እንኳ ብዙዎቹን ልትይዝ ትችላለች። ከጠንካራ ኖራ ድንጋይ ነጥሎ ማውጣት ስለሚያስቸግር ድንጋዩ ተቆርጦ፣ መስታወት ላይ ተጣብቆ፣ ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትር እስኪደርስ ይፋቃል። ያን ጊዜ ብርሃን ያልፍበታል፤ በማይክሮስኮፕ ሥር የእያንዳንዷ ቤት ግድግዳና ክፍል ቁልጭ ብሎ ይታያል። የጀማው ኖራ ድንጋይ በሚመደብበት፣ አንታሎ በሚባለው የኢትዮጵያ ኖራ ድንጋይ ከሚታወቁት አንዷ ኩርኑቢያ ፓላስቲኒየንሲስ ናት፤ በ1948 ሄንሰን የተባለ ተመራማሪ የሰየማት ሲሆን፣ ይህችው ዝርያ በመካከለኛው ምሥራቅ አለቶችም ትገኛለች። የሁለት አገር ድንጋይ የአንድ ዘመን መሆኑ የሚታወቀው እንዲህ ነው።

አንድ ዝርያ ብቻውን ግን ቀን አይቆርጥም፤ ብዙ ሚሊዮን ዓመት የኖረ ሊሆን ይችላልና። መንዝ የርስት ክርክር አገር ነበርና ምሳሌው ከዚያው ይምጣ። ቀን ያልተጻፈበት የርስት ውል ቢቀርብና አምስት እማኞች ቢጠሩበት፣ ውሉ የተደረገው አምስቱም በሕይወት በነበሩበት ዘመን ነው። እማኝ በበዛ ቁጥር ዘመኑ ይጠባል። የአጥኚዎቹም ሥራ ይኸው ነው፤ በአንድ ንብርብር አብረው የተገኙት ዝርያዎች ሁሉ የነበሩበትን ጊዜ መፈለግ። በዚህ መንገድ የአንታሎ ኖራ ድንጋይ ዋና ክፍል በጁራሲክ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ ከ160 እስከ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ እንደተጋገረ ይታመናል።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ድንጋዩን በቅሪተ አካሉ፣ ቅሪተ አካሉን በድንጋዩ መመዘን ዙሪያውን መዞር አይደለም ወይ? አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ የሚገኘው ከንብርብሩ ነው፤ ካልተገለባበጠ በቀር የታችኛው ይቀድማል። የዓመቱ ቁጥር ደግሞ በሌሎች አገሮች በባሕር ደለል መካከል ከተነጠፈ የእሳተ ገሞራ አመድ፣ በውስጡ ካሉት ማዕድናት ይለካል። ትልቁ ፈተና የመጣው በ1968 መጨረሻ ነው። ግሎማር ቻሌንጀር የተባለችው መርከብ የደቡብ አትላንቲክን ወለል በየቦታው ስትቆፍር፣ ከባሕሩ ወለል ባዛልት በላይ ካለው ደለል የወጡት ደቃቅ ቅሪቶች ከመካከለኛው የባሕር ሥር ተራራ ሰንሰለት በራቁ ቁጥር ዕድሜያቸው ይጨምር ነበር፤ መጠኑም የወለሉ መግነጢስ አስቀድሞ ከተነበየው ጋር ገጠመ። ሁለቱ ስሌቶች ከተለያየ መንገድ መጥተው የተገናኙ ናቸውና ክርክሩን ለእኔ የሚዘጋው ይህ ነው። የራሳችንን ባዛልት ለምን አንለካም ለሚል፣ ተለክቷል፤ የሰሜን ምዕራቡ ደጋ ባዛልት ባብዛኛው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ያ ግን ባሕሩ ከዚያ በፊት እንደነበረ ብቻ ይነግረናል፤ በሁለቱ መካከል ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ክፍተት አለ።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፤ አሮጌ ቅሪት ከቆየ አለት ታጥቦ በአዲስ ደለል ውስጥ ሊቀበር ይችላል። ስለዚህ የሚታመነው ከሁሉ ዘግይቶ የመጣው ዝርያ ነው፤ የተፋተገና ቀለሙ የተለየ ቅሪትም ይጠረጠራል። ደግሞም የዚህ አካባቢ ባሕር ጥልቀት አልነበረውም። በውሃው ላይ እየተንሳፈፉ በዓለም የሚሰራጩት ዝርያዎች ቀን ለመቁረጥ ይመረጣሉ፤ እዚህ የሚበዙት ግን ወለሉ ላይ የሚኖሩት ናቸው። እነሱ ደግሞ ውሃው ካልተስማማቸው ዘመናቸው ሳያልፍ ይጠፋሉ። ሚሊዮኖቹን ወደ መቶ ሺዎች ማጥበብ እዚህ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

ከኖራ ድንጋዩ በላይ ባለው የሙገር የጭቃ ድንጋይ ላይ ስንደርስ ባሕሩ ሸሽቷል፤ የባሕር እማኝም የለም። እዚያ ቃሉን የሚሰጠው በጭቃው የተቀበረው የዕፅዋት ብናኝ ነው። በ1999 የታተመ ጥናት በዚሁ ብናኝ ተመርኩዞ የሰሜን ምዕራቡን አምባ የጭቃ ድንጋይ በጁራሲክ የመጨረሻ ክፍል መድቦታል። በ2007 ይፋ የሆነው፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የጁራሲክ አጥቢ እንስሳ ቅሪትም ከዚሁ የጭቃ ድንጋይ የተገኘ ነው።