ከዲስኬት ወደ ዘመናዊ ማኅደር፤ የረቂቆች አገላለጥ

እንደሚታወቀው የአንድን ድርሰት የአጻጻፍ ሂደት ለመከታተል የሚነሣ ተመራማሪ በመጀመሪያ የሚፈልገው የደራሲውን ረቂቅ ነው። ረቂቁ በእጅ ወይም በጽሕፈት መኪና ተጽፎ ከሆነ ለማንበብ ዓይን ይበቃል። በዲስኬት ላይ ከሆነ ግን በጽሑፉና በአንባቢው መካከል ማንበቢያ መሣሪያና ፊደሉን የሚፈታ ሶፍትዌር ይገባሉ። ይህ ጸሐፊ በ1995 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪ ማሟያ ጥናቱን በአራት ዲስኬቶች አስቀምጦ ኋላ ሁለቱ አልነበብ ስላሉት ጉዳዩን ከዳር ቆሞ አይመለከተውም።

ዲስኬት በመግነጢሳዊ ብናኝ የተለበጠ ስስ ክብ ፕላስቲክ ነው። በብዛት የምናውቀው ባለ 3.5 ኢንቹ 1.44 ሜጋባይት ይይዛል። የማንበቢያው ራስ ገጹን እየነካ ስለሚያነብ፣ እርጥበት ያሻገተው ዲስኬት ራሱን አቆሽሾ ቀጥሎ የሚገባውን ንጹሕ ዲስኬት ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ የብረት ክዳኑን ገለጥ አድርጎ ማየት፣ ከዚያም እንዳይጻፍበት መከልከል ይገባል፤ ይኸውም የመከልከያዋን ቀዳዳ ክፍት በማድረግ ነው (በባለ 5.25 ኢንቹ ተቃራኒው ነው፤ ጎኑ ላይ ያለው ጉድ ሲሸፈን ይከለከላል)። ዊንዶውስ ማንበብ ያቃተውን ዲስኬት «ፎርማት ላድርገው?» እያለ ይጠይቃልና፣ ሳያስተውል እሺ ያለ ሰው ረቂቁን በገዛ እጁ ፋቀ ማለት ነው።

ለተለመደው ባለ 3.5 ኢንች ዲስኬት በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ ይበቃል። የኮሞዶር 64 ወይም የአሚጋ ዲስኬት ግን በዚህ አይነበብም፤ የአጻጻፍ ሥርዓታቸው የተለየ ነው። ለእነዚህ እንደ ክራዮፍላክስና ግሪስዊዝል ያሉ መሣሪያዎች ከአሮጌ ድራይቭ ጋር ተገናኝተው የመግነጢሱን ለውጥ እንዳለ ይመዘግባሉ። አንዲ ዋርሆል እ.ኤ.አ. በ1985 በአሚጋ የሠራቸው ሥዕሎች በዚህ መንገድ ወጥተው እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ሆነዋል። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ክበብ አባላት የፋይሎቹን ስም ካነበቡ በኋላ እንኳ የፋይሎቹ ዓይነት ስላልታወቀ መጀመሪያ አሠራሩን መፍታት ነበረባቸው።

ፋይሎችን አንድ በአንድ ከመቅዳት ይልቅ የዲስኬቱን ሙሉ ግልባጭ መውሰድ ይመረጣል። በዶስና በዊንዶውስ ፋይል ሲሰረዝ በማውጫው ላይ ምልክት ይደረግበታል እንጂ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ይዘቱ እዚያው ይቆያል። ተፍቆ ዳግም የተጻፈበትን ብራና ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ደራሲው የሰረዘውን ምዕራፍ ማንበብ የሚቻልበት አጋጣሚ አለ ማለት ነው፤ ግን ይገባል ወይ? በዚህ ጸሐፊ እምነት ያለ ደራሲው ወይም ያለ ወራሾቹ ፈቃድ አይገባም፤ ግልባጩን መያዝ አንድ ነገር፣ ማሳተም ሌላ ነው።

የእኛ ችግር ከዚህ በኋላም ይቀጥላል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ለሆሄያት የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። በወቅቱ አንድ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ሲኖረው ከፊሉ ለሌላ አገልግሎት የተያዘ ስለነበር፣ አንዳንዱ ሆሄያቱን በሁለት ፎንት ከፈለ፤ አንዳንዱ ሆሄውን ከቁርጥራጭ ገጣጠመ። ስለዚህ ዲስኬቱ ደኅና ተነቦም ፎንቱ ከሌለ የሚታየው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ነው። መፍትሔው የዚያን ፎንት የቁጥር ሠንጠረዥ ማዘጋጀትና በዚያ መለወጥ ነው፤ የታተመ ቅጂ ከተገኘ ሠንጠረዡን ከእሱ ጋር እያመሳከሩ መሥራት ይቻላል።

ከተነበቡልኝ ሁለት ዲስኬቶች የተገኘውን ጽሑፍ የለወጠልኝ ወዳጄ ለፍለጋ እንዲመች ብሎ «ሠ»ን ሁሉ «ሰ»፣ «ኀ»ንና «ሐ»ን «ሀ» አድርጎት ነበር። የእኔ ሆሄ ቢጠፋ ብዙም አያሳዝንም። የአንድ ደራሲ ረቂቅ ቢሆን ግን ስለ ሆሄ አጠባበቁ ሊጠና የሚችለው ሁሉ አብሮ በጠፋ ነበር። እንደ እድል ያልተነካው ግልባጭ በእጄ ስለነበር እንደገና አስለወጥሁት።