ዓይን ከብርሃን ጋር የሚላመደው እንዴት ነው? የካልሲየም ሚናና የዳፍንት ምንጭ

ከቀትር ፀሐይ ወደ ጨለማ ጎተራ የሚገባ ሰው ለጊዜው ምንም አይታየውም፤ ቆይቶ ግን የዕቃው ቅርጽ እየተለየ ይመጣል። ከጎተራው ሲወጣ ደግሞ ብርሃኑ ዓይኑን ቢወጋውም ወዲያው ይለምደዋል። የሁለቱ ፍጥነት የተለያየ የሆነው ሥራውን የሚያከናውኑት ሁለት ልዩ ልዩ ሂደቶች በመሆናቸው ነው።

በዓይን የኋላ ግድግዳ ላይ የተዘረጋው ስስ ሽፋን ሬቲና ይባላል። በውስጡ ብርሃን ተቀባይ የሆኑ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ይገኛሉ። ዘንግ መሰሎቹ 120 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ ለድንግዝግዝታ ያገለግላሉ። 6 ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑት ሾጣጣዎቹ ደግሞ ለቀን ብርሃንና ቀለም ለመለየት ናቸው።

የእነዚህ ሕዋሳት አሠራር ከመስኖ ቦይ በር ጋር ይመሳሰላል። በጨለማ ጊዜ በሮቹ ክፍት ስለሆኑ ሶዲየምና ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይፈስሳሉ። በሮቹን ከፍቶ የሚይዘው ሲጂኤምፒ የተባለ ንጥረ ነገር ነው። በዘንግ መሰሎቹ ውስጥ ብርሃን ሮዶፕሲን በተባለው ፕሮቲን ላይ ሲያርፍ ይህ ንጥረ ነገር ይፈርሳል፤ በሮቹም ይዘጋሉ። ወደ አንጎል የሚተላለፈው መልእክት የሚጀምረው ከዚህ መዘጋት ነው።

በሮቹ ተዘግተው ቢቀሩ ኖሮ ዓይን ቀጣዩን ብርሃን ሊለይ ባልቻለ ነበር። ይህን የሚከላከሉት ካልሲየምን የሚለኩ ፕሮቲኖች ናቸው። በሩ ሲዘጋ አዲስ ካልሲየም አይገባም፤ የነበረው ግን መውጣቱን ስለሚቀጥል መጠኑ ይቀንሳል። ጂካፕ የተባሉት ፕሮቲኖች ይህን ሲለዩ ሲጂኤምፒ እንደገና እንዲመረት ያነሣሣሉ። ሪከቨሪን የተባለው ደግሞ ይዞት የነበረውን ኢንዛይም ይለቅቃል፤ ኢንዛይሙም በብርሃን የተቀሰቀሰውን ሮዶፕሲን ሥራውን እንዲያቆም ያደርጋል። በዚህም ሕዋሱ ለቀጣዩ ብርሃን ይዘጋጃል።

ከጂካፕ ፕሮቲኖች አንዱ በዘር በሚተላለፍ ጉድለት ሲዛባ ካልሲየም በሕዋሱ ውስጥ ከልክ በላይ ይከማቻል፤ ሕዋሳቱም ቀስ በቀስ ይሞታሉ። በዚህ ሳቢያ የቀለምና የጥራት እይታ ይደክማል። ችግሩ ከምግብ እጥረት የመጣ ስላልሆነ ወተት አብዝቶ በመጠጣት አይስተካከልም።

በጨለማ መላመድ ግን በአብዛኛው የሌላ ሂደት ውጤት ነው። በብርሃን የተለወጠው ሮዶፕሲን ተመልሶ እስኪታደስ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ለእድሳቱ የግድ የሚያስፈልገው ቫይታሚን ኤ ነው። ቫይታሚኑ በእይታ ውስጥ ያለውን ድርሻ የገለጠው ጆርጅ ዋልድ በ1967 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት ሳይንቲስቶች አንዱ ነው።

ቫይታሚን ኤ ሲያንስ ዳፍንት ይከሰታል። ቀን ደህና የሚያይ ሕፃን ጀምበር ስትጠልቅ ዕቃ የሚያደናቅፈው ወይም ከቦታው መንቀሳቀስ የሚፈራ ከሆነ ምልክቱ ይህ ሊሆን ይችላል። እጥረቱ ከቀጠለ የዓይን ብሌን እስከ መቁሰልና እስከ ዘላቂ ዓይነ ስውርነት ያደርሳል። በረጅም ድርቅ ለምለም መኖ ያጡ ከብቶችም በዚሁ ምክንያት በምሽት ማየት ይሳናቸዋል።

ካሮት፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ጎመን፣ ዱባና ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንች እንዲሁም እንቁላል፣ ቅቤና ጉበት ጠቃሚ ምንጮች ናቸው። አትክልቱን በጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ማብሰል ሰውነት ንጥረ ነገሩን በቀላሉ እንዲወስድ ይረዳል። ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ላላቸው ሕፃናት በየ6 ወሩ የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ ጠብታም ሊያመልጥ አይገባም። ሆኖም መጠኑ ሲበዛ ስለሚጎዳ ያለ ጤና ባለሙያ ትእዛዝ መውሰድ አይመከርም። የዳፍንት ምልክት የታየበትን ሕፃን ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ መውሰድ እይታውን ሊታደግ ይችላል።