ሆያ ሆዬ ልጅን እንዴት ያረጋጋል?

ለቡሄ ልጆች ሲጨፍሩ አውራጁ ስንኙን ያወርዳል፤ ተቀባዮቹ መሬቱን በዱላ እየመቱ በአንድ ድምፅ ይመልሱለታል። የእንቁጣጣሿ አበባየሆሽም አካሄዷ ያው ነው። ለሚጨነቅ፣ ከሰው ለሚሸሽ ተማሪ የሚበጅ ነገር እዚህ ቅብብል ውስጥ አለ።

ከትንፋሽ እንጀምር። የሚዘፍን ሰው አየሩን በአፍታ ስቦ ቀስ እያለ ያወጣል። ትንፋሽ ሲወጣ ቬገስ የሚባለው፣ ከአንጎል ወደ ልብ የሚወርደው ነርቭ የልብን ምት ያዘገያል፤ አየር ሲገባ ምቱ መልሶ ይፈጥናል። ስንኙ በረዘመ ቁጥር ልብ የሚያርፍበት ጊዜም ይረዝማል። የተጨነቀን ልጅ «ተረጋጋ» ቢሉት ጭንቀቱ ሊብስ ይችላል፤ ዘፈን ግን ምንም ሳይለው በረጅሙ ያስተነፍሰዋል። ሁሉም እኩል ሲተነፍሱ ደግሞ የልባቸው ምት አብሮ ይፈጥናል፣ አብሮ ይዘገያል። በ2013 እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች የ18 ዓመት ወጣቶችን እያዘፈኑ ለክተው ይህንኑ አይተዋል።

ከዘፈኑ ጋር የሚሄደው ጭብጨባ ደግሞ ሌላ ሥራ አለው፤ ከጎን ያለውን ልጅ ሳይሰሙና ሳይጠብቁ አብሮ ማጨብጨብ አይቻልም። ተመራማሪዎቹ ኪርሽነርና ቶማሴሎ በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ አብረው የዘፈኑና የጨፈሩ የ4 ዓመት ሕፃናት ያለ ሙዚቃ ከተጫወቱት ይበልጥ ኋላ ላይ እርስ በርስ ተረዳድተዋል።

ብዙ ትምህርት ቤቶች ግን ድምፀ መልካሞቹን መርጠው ለወላጆች በዓል ያሠለጥናሉ። ለበዓሉ ያምር ይሆናል፤ ዘፈኑ በጣም የሚያስፈልገው ልጅ ግን የሚቀረው ያኔ ነው። ክብ ተሠርቶ ሁሉም ይግባ፤ የሚታረምም የሚወዳደርም አይኑር። ዝምተኛዋ ልጅ በተቀባይነት ትጀምር፤ ድምፅዋ በሌሎቹ መካከል ስለሚሸፈን ማንም አያፈጥባትም። ማጨብጨብ ብቻ ከፈለገችም ታጨብጭብ። ውሎ አድሮ ራሷ ስትጠይቅ አንድ ስንኝ ታውርድ። ክፍሉ በሙሉ የእሷን ቃል ተቀብሎ ሲመልስላት የምታገኘውን ድፍረት በምክር መስጠት አይቻልም።

ዘፈን የማይወድ ቤተሰብ ካለ፣ መዝሙርም መንዙማም በቅብብል ስለሚሄዱ ይሠራሉ። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ብሎት፣ ከጨዋታ ርቆ ሳምንታት የሚያልፉበት ልጅ ግን ሐኪም ይየው፤ ዘፈኑ ከሕክምናው ጎን ይቀጥል። የሚዘፈንበት ቀንና መክፈቻ ዜማው በየሳምንቱ ባይቀያየሩ ይመረጣል፤ የሚጨነቅ ልጅ ቀጥሎ የሚመጣውን ሲያውቅ ቶሎ ይገባል።