ከራጉኤል የተጫነ ብርጭቆ ለምን ይሰበራል?

በመርካቶ፥ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ቆሞ የተመለከተ ሰው፥ አንድ አይሱዙ ብርጭቆውንም ሳሙናውንም ባንድነት ጭኖ ወደ ክፍለ ሀገር ሲነሣ ያያል። ብርጭቆው ተሰብሮ ቢገኝ ነጋዴው መንገዱን ይረግማል፤ ነጂው አስተሻሸጉን ይወቅሳል። ኪሣራው የማን እንደሆነ ለመፍረድ የንዝረቱን ብዛት ብቻ ሳይሆን፥ በየትኛው ድግግሞሽ ላይ እንደተከማቸ ማወቅ ያሻል። ፓወር ስፔክትራል ዴንሲቲ የሚባለው፥ እኛም እዚህ «የንዝረት ኀይል ጥግግት» የምንለው መለኪያ ይህንኑ ይነግረናል።

የመኪና ንዝረት እንደ ፔንዱለም በሥርዐት የሚመላለስ አይደለም፤ የተዘበራረቀ ነው። ስለዚህ በመኪናው ወለል ላይ መለኪያ አስረን የመዘገብነውን ፍጥንጥነት በየድግግሞሹ እንለያየዋለን፤ በእያንዳንዱ ክፍል ያለውንም የፍጥንጥነቱን ካሬ አማካይ ለክፍሉ ስፋት እናካፍላለን። ማካፈሉ ለምን አስፈለገ? አንዱ ተመራማሪ ክፍሉን በ1 ሄርዝ፥ ሌላው በግማሽ ሄርዝ ቢቆርጠው ቁጥራቸው አይገናኝም። የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴም ቢሆን የሁለት ጣቃ ዋጋ የሚያወዳድረው በሜትር አስልቶ ነው። መስፈሪያው እንግዲህ ጂ ካሬ በሄርዝ ይሆናል፤ ጂ የመሬት ስበት ፍጥንጥነት ነው። (ኀይል መባሉ ግን አንባቢን አያሳስት፤ እዚህ ዋት አይለካም።)

ከከርቩ በታች ያለው ስፋት ጠቅላላውን የካሬ አማካይ ይሰጣል። ጥግግቱ ከ5 እስከ 9 ሄርዝ 0.01 ቢሆን፥ ስፋቱ 0.04፥ ዳግም ዘሩም 0.2 ጂ ነው። ይኸው 0.2 ጂ ከ50 እስከ 54 ሄርዝ ቢገኝም ቁጥሩ ያው ነው፤ የተፈጥሮ ድግግሞሹ 7 ሄርዝ ለሆነ ካርቶን ግን የፊተኛው አጥፊ፥ የኋለኛው ኢምንት ነው።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። በጠጠር መንገድ ላይ ጎማ የሚሠራው ሞገድ 0.8 ሜትር ርዝመት አለው እንበል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 10 ሜትር ነውና፥ መኪናው በሰከንድ 12.5 ጊዜ ይመታል፤ የጭነት መኪና አክሰል ደግሞ በተፈጥሮው ከ10 እስከ 15 ሄርዝ አካባቢ ይዘላል። ፍጥነቱ 54 ቢሆን ምቱ ወደ 18.75 ያልፋል። ነጂዎች «ፈጠን ሲል ይለሰልሳል» የሚሉት እውነት ነው፤ ጎማው መሬት የመያዝ ዐቅሙ እየቀነሰ መሄዱን ግን አብረው ሊያስቡ ይገባል።

ለአሻጊውም ጉዳዩ እንዲሁ ነው። ገለባ ሲጨመር የካርቶኑ ድግግሞሽ ይወርዳል፤ ከ12 ወደ 7 ሄርዝ ቢወርድ ከአክሰሉ ይርቃል። እጅግ ለስልሶ ወደ 3 ቢደርስ ግን ከ2 እስከ 4 ሄርዝ ከሚወዛወዘው ከመኪናው አካል ጋር ይገጥማል።